እጀታው የሚሞቅ የሞተር መጋዝ፣ ሁለት ዓመት ተጠቅሜበት

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳየው ቅብጠት ነው ብዬ ስቄ ነበር፣ መጋዝ ደግሞ እጀታው ይሞቃል እንዴ? አሁን ግን ውርጭ ባለበት ጠዋት ያለሱ እንጨት አልቆርጥም። አሰራሩ ቀላል ነው፣ ሞተሩ ሲዞር ውስጡ ያለች ትንሽዬ ጄኔሬተር ኤሌክትሪክ ታመነጫለች እሱ ነው የፊቱንም የኋላውንም እጀታ የሚያሞቀው፣ ቻርጅ ምናምን የለውም። ሞተሩን ካጠፋችሁት ግን ሙቀቱም አብሮ ይሄዳል።

ነገሩ የምቾት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ንዝረትና ብርድ ሲደመሩ የጣት ደም ስር ይጠባል፣ ለዓመታት ሲደጋገም ጣት ነጭ እየሆነ የሚደነዝዝበት በሽታ አለ እሱ ከመጣ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። እኔ ድሮ ጣቴ ስለሚደነዝዝ ነዳጅ መስጫውን መጫኔን እንኳ በደንብ አይሰማኝም ነበር፣ በመጋዝ ደግሞ ቀልድ የለም።

አንድ ያናደደኝ ነገር፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ የፊቱ እጀታ መሞቅ አቆመ፣ ፈትቼ ሳየው ንዝረቱ ሽቦውን በጥሶታል (ስዊቹን ጠርጥሬ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ)። ክብደት ትንሽ ይጨምራል፣ ግን ብዙም አይታወቅም።

ስትገዙ የሞዴሉን ፊደል እዩ፣ ሁስክቫርና የሚባለው የመጋዝ ብራንድ ላይ "ጂ" ስቲል የሚባለው ብራንድ ላይ "ደብልዩ" ካለበት እጀታው ይሞቃል ማለት ነው። ካርቡሬተሩ (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) በረዶ እንዳይዝ የብርድ ማስተካከያ ካለውም ተጠቀሙበት፣ አየሩ ሲሞቅ ግን መመለሱን እንዳትረሱ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል።