አርጎን ይሻላል ናይትሮጅን?
ሁለቱም ጋዞች ቀለምም ሽታም የላቸውም፣ ሁለቱም የሚወጡት ከአየር ነው፣ ታዲያ የአርጎን ዋጋ ለምንድነው የሚወደደው? አየር ውስጥ ናይትሮጅን 78% ነው፣ አርጎን 0.93% ብቻ። አየሩን አቀዝቅዘው ፈሳሽ ካደረጉት በኋላ በሚፈሉበት ሙቀት ነው የሚለዩት፣ ናይትሮጅን በ-196 ዲግሪ ስለሚፈላ ቀድሞ ይወጣል፣ አርጎን ግን በ-186 ኦክስጅን በ-183፣ ልዩነታቸው 3 ዲግሪ ስለሆነ እነሱን መለያየት ትልቅ ስራ ነው።

ምግብ ለማሸግ ወይ ጎማ ለመንፋት ናይትሮጅን በቂ ነው፣ እዛ ላይ አርጎን ብክነት ነው ባይ ነኝ።

ብየዳ ላይ ግን ጋዙ የሚነፋው የቀለጠውን ብረት ከአየር ለመከለል ስለሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ናይትሮጅን ሲቀዘቅዝ ዝም ይላል እንጂ በብየዳ ሙቀት ከቲታኒየም (ቀላልና ጠንካራ ብረት) ጋር ይዋሃድና ተሰባሪ ያደርገዋል፣ አርጎን ግን የአቶሙ የውጪ ሼል (የኤሌክትሮን ንብርብር) በ8 ኤሌክትሮን የሞላ ስለሆነ ብረቱ ቢቀልጥም ከሱ ጋር አይዋሃድም። በቲግ (TIG፣ በጋዝ እየተሸፈነ በኤሌክትሪክ የሚበየድበት ዘዴ) የበየዳችሁት ቲታኒየም እንደ ብር ካበራ ጋዙ በደንብ ሸፍኖታል፣ ሰማያዊ ወይ ግራጫ ከሆነ አየር ገብቶበታል።

ሁለቱም ኦክስጅን አሳጥተው ይገድላሉ፣ አርጎን ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድና ታንከር ውስጥ ይተኛል፣ እባካችሁ ኦክስጅኑን ሳትለኩ እንዳትገቡ።