ኮንሶል፣ የጌም ላፕቶፕ ወይስ ያገለገለ ዴስክቶፕ፦ ለጌም ያጠራቀሙት ገንዘብ የቱ ላይ ቢውል ያዋጣል?

«ፕሌይስቴሽን ልግዛ፣ የጌም ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ ዴስክቶፕ ላስገጣጥም?» የሚለውን ጥያቄ ከስንት ጓደኛ እንደሰማሁ መቁጠር ትቻለሁ። ለእያንዳንዱ በየተራ ከማስረዳት አንድ ጊዜ በዝርዝር ጽፌ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጅቻለሁ። ገለልተኛ ነኝ ብዬ ግን አላታልልም፤ ሦስቱንም በራሴ ገንዘብ ገዝቻለሁ፣ ሦስቱም በየተራ ተበላሽተውብኛል፣ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ካገለገሉ ዕቃዎች ለቃቅሜ የገጣጠምኩት ዴስክቶፕ ነው። የምስሉን ጥራትና የፍጥነቱን ነገር ማስታወቂያው ራሱ ስለሚለፍፈው አልሄድበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ዕቃው ሲገዛ ስንት ያስወጣል፣ ከተገዛ በኋላ በየዓመቱ ስንት ይበላል፣ ሲበላሽስ የትኛው ክፍሉ ብቻውን ይቀየራል የሚለው ነው።

ኮንሶል፣ ማለትም እንደ ፕሌይስቴሽን ያለ ለጌም ተብሎ የተሠራ መሣሪያ፣ በሚገዛበት ቀን ጉልበቱን ከሚስተካከል አዲስ ኮምፒውተር ሁሉ ርካሽ ነው፤ ይህን የሚክድ የኮምፒውተር ወዳጅ ካለ ይዋሻል። ፕሌይስቴሽን 5 እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ሲወጣ አምራቹ የቆረጠለት ዋጋ ሲዲ ማጫወቻ ላለው 499፣ ለሌለው 399 የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ በዚያን ጊዜ በዚህ ገንዘብ የእሱን ያህል ጉልበት ያለው አዲስ ኮምፒውተር መገጣጠም አይታሰብም ነበር። አምራቾቹ ዋናውን ትርፍ ከመሣሪያው ሳይሆን ኋላ ከሚሸጠው ጌምና ከአባልነት ክፍያው ስለሚጠብቁ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ መሠራት ያለበት በመግዣው ቀን ሳይሆን በአምስት ዓመት ነው። በፕሌይስቴሽን ላይ ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት ለመጫወት፣ እንደ ፎርትናይት ያሉ በነፃ የሚገኙ ጌሞች ካልሆኑ በቀር፣ የአባልነት ክፍያ ግዴታ ነው፤ የዝቅተኛው ደረጃ ዓመታዊ ክፍያም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ከ60 ወደ 80 ዶላር ገደማ ከፍ ብሏል። 80ን በአምስት ብናባዛው 400 ይሆናል፤ ይኸውም አንድም ጌም ሳይገዛ ሲዲ የሌለው መሣሪያ በወጣበት ዋጋ ሁለተኛ ጊዜ ተገዛ ማለት ነው። ኮምፒውተር ላይ ስቲምም ሆነ ኤፒክ የሚባሉት የኢንተርኔት ጌም መሸጫዎች ለዚህ አምስት ሳንቲም አይጠይቁም። ኤፒክ እንዲያውም እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ ጌም በነፃ ሲያድል የቆየ ሲሆን፣ በዚህ መንገድ ብቻ ያከማቸኋቸውን ጌሞች እስከ ዛሬ ተጫውቼ አልጨረስኳቸውም።

«ትንሽ ብታገሥ ዋጋው ይወርዳል» የሚሉም አሉ። በቀደሙት ትውልዶች ይህ ያስኬድ ነበር፤ በዚህኛው ግን ነገሩ ተገላብጦ፣ የፕሌይስቴሽን አምራች ሶኒ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 በአሜሪካ ባለ ሲዲውን ወደ 550፣ ሲዲ የሌለውን ወደ 500 ዶላር አሳድጎታል። አምስት ዓመት የታገሠ ሰው ሲዲ ለሌለው መሣሪያ መጀመሪያ ባለ ሲዲው የተሸጠበትን ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው።

ኮንሶል በዋጋ ሊከራከረኝ የሚችለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ያገለገለ ሲዲ ነው። አዲስ ጌም 70 ዶላር በሚሸጥበት ዘመን ያገለገለ ሲዲ ገዝቶ፣ ተጫውቶ ጨርሶ፣ መልሶ መሸጥ የሚችል ሰው ከብዙ ወጪ ይድናል። ሲዲ የሌለውን መሣሪያ የሚገዛ ሰው ግን በመግዣው ቀን ጥቂት ዶላር ቆጥቦ ይህን በር በራሱ እጅ ይዘጋል። የማይክሮሶፍቱ ኮንሶል ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ በ299 ዶላር ሲወጣ ብዙዎችን ያማለለው በዚህ መንገድ ነው፤ ሲዲ ማጫወቻ የለውም፣ 512 ጊጋባይት ከሚባለው ማከማቻውም ለጌም የሚቀረው 364 ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ከ100 ጊጋባይት በላይ የሚበሉ ሦስት ጌሞች ከተጫኑበት አለቀ። ማስፋት ቢፈለግም ለእሱ ተብሎ የተሠራ ልዩ ካርድ መግዛት ግድ ይላል። ፕሌይስቴሽን 5 በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ጀምሮ በቂ ፍጥነት ያለው ማንኛውንም የኤም 2 ኤስኤስዲ (በኮምፒውተርም የሚገባ ትንሽ ፈጣን ማከማቻ) ይቀበላል። ኮንሶል ካልገዛሁ ለሚል ሰው መልሴ ባለ ሲዲው ፕሌይስቴሽን 5 ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የወጣው ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ግን የሲዲ ማጫወቻው ተነቃይ እንደሆነና መጀመሪያ ሲገጠም በኢንተርኔት ከመሣሪያው ጋር መተዋወቅ እንዳለበት ይወቅ፤ ያገለገለውን ሲገዛ ሲዲ ከትቶ ጌሙ እስኪከፈት ሳያይ ገንዘብ አይስጥ።

የኮንሶል ትልቁ የጥገና ራስ ምታት መሣሪያው ሳይሆን ጆይስቲኩ ነው። የእኔው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው፣ አውራ ጣቴን አንሥቼ እያለ ተጫዋቹ ቀስ እያለ በራሱ ወደ ግራ ይሄድ ጀመር። ፈትቼ ስመለከት ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፦ በአናሎጉ፣ ማለትም አውራ ጣት በሚያንቀሳቅሰው ዘንግ፣ ጎንና ጎን በተለጠፉት ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች ውስጥ ጥቁር የካርቦን ንጣፍ አለ፣ በላዩ ቀጭን የብረት ምላስ ይሄድበታል፣ በተጫወቱ ቁጥርም ይፋቃል። አንዱን አናሎግ ለመቀየር 14 የብየዳ ነጥቦችን ቦርዱን ሳያቃጥሉ ማላቀቅ ያስፈልጋል፤ እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ አንዱን የመዳብ ቀለበት ከነመስመሩ ነቅዬው ጆይስቲኩ ጨርሶ ሞተ። ልምድ ላለው ጠጋኝ መስጠቱ ይረክሳል፤ ሲቀየርም በማግኔት የሚሠራውን፣ «ሆል ኢፌክት» የሚባለውን ዓይነት ማስገባት ይሻላል፣ ምክንያቱም የሚፋቅ ነገር የለውም። ከዚያ ቀደም ለፕሌይስቴሽን 4 በኦሪጅናሉ ሲሶ ዋጋ ኮፒ ጆይስቲክ ገዝቼም አውቃለሁ፤ ሲይዙት ባዶ ፕላስቲክ ያህል ይቀላል፣ የመሐሉ መዳሰሻ ይጫናል እንጂ የጣትን እንቅስቃሴ አይሰማም። ኮምፒውተር ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ ቀላል ነው፤ የፈለጉትን አምራች ጆይስቲክ ይሰካል፣ ከተበላሸም በኪቦርድና በማውስ መጫወት ይቀጥላል።

ስለ ጌም ላፕቶፕ ብዙ አልጽፍም፤ ለጌም ብቻ ከሆነ አይገዛም። ሥራውም ትምህርቱም ጌሙም በአንድ መሣሪያ ላይ የሆነበትና ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ሰው ብቻ ምርጫ ስለሌለው ይግዛው። የመጀመሪያው ማታለያ ስሙ ላይ ነው። የዴስክቶፑ አርቲኤክስ 3080 ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራው ክፍል) 8,704 ኮሮች፣ ማለትም ትንንሽ የስሌት ክፍሎች፣ ሲኖሩት፣ ላፕቶፕ ውስጥ በዚያው ስም የሚሸጠው 6,144 ብቻ ነው ያለው። የላፕቶፑ አርቲኤክስ 4060 ደግሞ እንደ ላፕቶፑ አምራች ምርጫ ከ35 እስከ 115 ዋት ባለው ኃይል ሊሠራ ስለሚችል፣ ተመሳሳይ ስቲከር የተለጠፈባቸው ሁለት ላፕቶፖች በጌም ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሻጩ ግን የስቲከሩን እንጂ የዋቱን ነገር አያነሣም። ሁለተኛው ነገር ግራፊክስ ቺፑ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ መሆኑ ነው። የእኔ ላፕቶፕ በሁለተኛ ዓመቱ ጌም ሲከፈት በአሥር ደቂቃ ውስጥ መጥፋት ሲጀምር ከፍቼው፣ በማራገቢያውና በመዳብ ክንፎቹ መካከል አቧራው እንደ ባዘቶ ተጋግሮ አገኘሁት፤ በጥርስ ብሩሽ ስላወጣሁት ለጥቂት ወራት ዳነልኝ። ቺፑ ሲቃጠል ግን ለማዘርቦርድ የተጠየቅሁት ዋጋ መሣሪያው ራሱ ከተገዛበት ከግማሽ በላይ ነበር፤ ስክሪኑንና ራሙን ለየብቻ ሸጬ ተገላገልኩ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ዋነኛ ጥቅሙ አንዱ ክፍል ሲሞት ሌላው አብሮት አለመቀበሩ ነው። ዋነኛ አደጋው ደግሞ ግራፊክስ ካርዱና ለሁሉም ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላዩ ሲሆኑ፣ እኔ በሁለቱም ተቃጥያለሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት ካርድ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋባይት ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ነበር። ዊንዶውስም ስሙን እንዲሁ አድርጎ ያሳየኝ ነበር፤ ከበድ ያለ ጌም በተከፈተ ቁጥር ግን ስክሪኑ በአረንጓዴና በሐምራዊ ጭረት ተሞልቶ ኮምፒውተሩ ይደርቅ ነበር። ድራይቨሩን (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) አሥር ጊዜ አወረድኩ፣ ራሙን ቀያየርኩ፣ ሻጩም «ኮምፒውተርህ ነው ችግሩ» እያለ አሰለቸኝ። በመጨረሻ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ስከፍተው ከካርዱ ስም ፊት ሐሰተኛ የሚል ምልክት ለጥፎበት አየሁ። ማቀዝቀዣውን ፈትቼ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት በአልኮል ስጠርገው፣ ቺፑ ላይ በደቃቅ ፊደል «ጂኤፍ 106» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጂቲኤስ 450 ቺፕ ነው። እውነተኛው 1050 ቲአይ 768 ኮሮች ሲኖሩት የእኔው 192 ብቻ ነበሩት፤ አንድ ሰው ባዮሱን (ካርዱ ውስጥ ያለውን መነሻ ፕሮግራም) ቀይሮ ስሙን እንዲዋሽ አድርጎታል፣ ጌሙ ካለው ሜሞሪ በላይ ሲጠይቀው የሚደርቀውም ለዚህ ነው። ከጀርባው ሰማያዊ የቪጂኤ ሶኬት እንደነበረው ያስተዋልኩት ኋላ ነው፤ ቪጂኤ የድሮ የአናሎግ ምስል መሰኪያ ሲሆን የእውነተኛው 1050 ቲአይ ትውልድ ቺፖች የአናሎግ ምስል በራሳቸው ስለማያወጡ ይህ ሶኬት ብቻውን ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር።

ሐሰተኛ ያልሆኑ ካርዶችም በስማቸው ያወናብዳሉ። አርኤክስ 580 የሚባለው በመሠረቱ 2,304 ኮሮች ያሉት ሲሆን፣ በዚያው ስም 2,048 ብቻ ያሉት ደግሞ በብዛት ይሸጣል፤ ይህኛው በኮሮቹ ቁጥር አርኤክስ 570 ነውና የሚገዛው በ570 ዋጋ ብቻ ነው። የጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 ጊጋባይቱ ከባለ 6ቱ የሚያንሰው በሜሞሪ ብቻ ሳይሆን በኮርም ጭምር ነው። አርቲኤክስ 3060ም ባለ 12 እና ባለ 8 ጊጋባይት ሆኖ ሲሸጥ፣ ባለ 8ቱ የሜሞሪ መንገዱም የጠበበ ስለሆነ የስሙ መመሳሰል ዋጋውን እኩል ሊያደርገው አይገባም። ኢቴሬም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የአሠራር ለውጥ ካደረገ በኋላ ከማይኒንግ፣ ማለትም በካርዶች ስሌት ዲጂታል ገንዘብ ከማግኘት ሥራ፣ ወጥተው ገበያውን ያጥለቀለቁትን ካርዶች ብዙዎች ይፈሯቸዋል፤ እኔ ሁለት ገዝቼ በሁለቱም ቺፑ ደኅና ሆኖ ያለቀው ማራገቢያው ነበር፣ ማራገቢያ ደግሞ ከካርዱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። ዋጋው በደንብ ከተቆረጠ አልሸሻቸውም።

ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን መቆጠብ አይቻልም። የእኔው ጎኑ ላይ በትልቁ «600 ዋት» ተብሎ የተጻፈበት ነበር። ከታች በደቃቁ ሠንጠረዥ ውስጥ በ12 ቮልት ሥር የተጻፈው 18 አምፒር መሆኑን ያነበብኩት ከሞተ በኋላ ነው፤ 12 ሲባዛ በ18 ደግሞ 216 ዋት ነው። ካርዱና ፕሮሰሰሩ የሚመገቡት ከዚህ መስመር ስለሆነ፣ የቀረው ቁጥር ጌጥ ነበር ማለት ይቻላል። ሲሞትም ብቻውን አልሄደም፣ ማዘርቦርዱን ይዞት ሄደ። ስለዚህ ፓወር ሰፕላይ ሲገዛ ትልቁ ጽሑፍ ተትቶ የ12 ቮልቱ አምፒር ተነብቦ ይባዛ፤ በእጅ ሲመዘንም እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀለው ይቅር። ካገለገለው ዴስክቶፕ ሁሉ አዲስ እንዲሆን የምመክረው ብቸኛ ክፍል ይህ ነው።

ገንዘቡ በጣም ላነሰበት ሰው የቢሮ ዴስክቶፕ አለለት። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን ፕሮሰሰሮች በይፋ ስለማይቀበልና የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ስላበቃ፣ መሥሪያ ቤቶች የስድስተኛና የሰባተኛ ትውልድ ማሽኖችን እያወጡ ነው፤ በዚህም ምክንያት ርካሽ ናቸው። ይሁንና ርካሽ የሆኑበትን ምክንያት አውቆ መግዛት ያስፈልጋል፤ እንደ ቫሎራንት ያሉ ጌሞች በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቁ፣ ጥቂት ጨምሮ ስምንተኛ ትውልድ መግዛቱ ያዋጣል። የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ አነስተኛ ስለሆነና ብዙ ጊዜ የራሱ ልዩ መሰኪያ ስላለው፣ 75 ዋት ብቻ የሚበላና ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልግ የጂቲኤክስ 1650 ዓይነት ይበቃቸዋል። ቀጭኑ ኬዝ ከሆነ ቁመተ አጭር ካርድ ግድ ነው፣ እሱም በቀላሉ አይገኝም፤ ሰፊው ኬዝ ይመረጥ።

ከሻጭ ቤት ሳይወጡ የጎኑን ክዳን አስከፍቶ ማየት፣ ጂፒዩ-ዚን ከፍላሽ ላይ መክፈትና አንድ ከባድ ጌም ለሃያ ደቂቃ ማስኬድ ያስፈልጋል። ሃያ ደቂቃ ያልኩት የእኔ ሐሰተኛ ካርድ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች እንደ ደኅና ዕቃ ይሠራ ስለነበር ነው። ይህን የሚከለክል ሻጭ ዋጋውን በግማሽ ቢቀንስ እንኳ እኔ አልገዛውም።

ባለፈው ጊዜ ካርዴን ወደ አርኤክስ 6600 ስቀይር የድሮውን ሸጬ ልዩነቱን ብቻ ከኪሴ ጨመርኩ፤ 132 ዋት ብቻ ስለሚበላ ፓወር ሰፕላዩን መቀየር አላስፈለገኝም። ኬዙ፣ ራሙና ኤስኤስዲው የመጀመሪያዎቹ ናቸው፣ ማዘርቦርዱ ያኔ በተቃጠለው ምትክ የገባው ነው፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ከአንድ ጓደኛዬ በጆይስቲክ የለወጥኩት ነው።