ሳምንት ይቆጥራል፣ 37ን ግን አያውቅም፦ የአንድ የእርግዝና አፕ ግምገማ

ይህን አፕ የጫንኩት ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የሞከርኳቸው ሌሎቹም ያው ናቸው። የመጀመሪያ ልጄ የተወለደችው በ32ኛው ሳምንት ነበር፣ ማሞቂያ ክፍል ከርማ ነው ቤት የገባችው። ስለዚህ ከአፑ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምጥ ያለጊዜው ቢመጣ ቶሎ እንድነቃ ይረዳኛል ወይ?

መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን ላውራ። የሳምንት አቆጣጠሩ ጎበዝ ነው። የመጨረሻ የወር አበባችሁን ቀን ታስገባላችሁ። የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ሌላ ቀን ካሳየ ደግሞ እንድታስተካክሉ ይጠይቃችኋል። ሕፃን ያለጊዜው ተወለደ የሚባለው ከ37 ሳምንት በፊት ሲመጣ ነው፤ መነሻው ቀን ከተዛባ ሁሉም ይዛባል። የክትትል ቀጠሮም አያስረሳም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቢያንስ 8 ጊዜ ነው፣ አፑም በዚያው ልክ ያስታውሳል። የደም ግፊትና የሽንት ምርመራ ውጤት መመዝገቢያም አለው። ሁለቱም ዋዛ አይደሉም። የደም ግፊትም፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ያለጊዜው ለመውለድ ሊዳርጉ ይችላሉ።

ሕፃኑ በዚህ ሳምንት የየትኛውን ፍራፍሬ ያህል እንደሆነ የሚነግረውን ክፍል አጥፍቼዋለሁ።

አሁን ወደ ንዴቴ። አፑ የምጥ ሰዓት ቆጣሪ አለው። ሆድ ሲጨብጥ ትነኩታላችሁ፣ ሲለቅ ትነኩታላችሁ። በ30ኛው ሳምንት አካባቢ፣ አንድ ማታ ወገቤን ያዘኝ፤ ሆዴም እየተወጠረ ይለቀኝ ጀመር። መዘገብኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ገና ነው። በየአምስት ደቂቃው እስኪመጣ ቤትዎ ይረፉ።»

ይህ ምክር ቀኗ ለደረሰ ሴት ነው። አፑ እኮ 30ኛው ሳምንት ላይ መሆኔን ያውቃል፤ ራሱ ነው የቆጠረው! ከ37 ሳምንት በፊት እየተመላለሰ የሚጨብጥ ሆድ ቤት ቁጭ ተብሎ አይጠበቅም። ስልኩን ከአፑ አውጥቼ አዋላጇ ጋ ደወልኩ። «አሁኑኑ ነይ እህቴ» አለችኝ። ስታየኝ የማህፀኔ በር አልተከፈተም፣ ሌሊቱንም ሆዴ ረገበ። ግን ምጡ የእውነት ቢሆንስ? የሕፃኑን ሳንባ የሚያጠነክረው የስቴሮይድ መርፌ በደንብ የሚሠራው ከመወለዱ በፊት በቂ ጊዜ ሲያገኝ ነው። አንድ ቀን እንኳ ትልቅ ልዩነት አለው። «ይረፉ» የሚለው መልስ ያንን ቀን ነው የሚበላው።

ሌላም አለ። ስትመዘገቡ የምትወዱትን ቀለም ይጠይቃችኋል። «ከዚህ በፊት ያለጊዜው ወልደው ያውቃሉ?» ብሎ ግን አይጠይቅም። መንታ ይሁን አንድ፣ እሱንም አይጠይቅም። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሐኪም የማህፀን በር ርዝመትን በአልትራሳውንድ ሊለካ፣ አጥሮ ካገኘውም ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሆርሞን ሊያዝ ይችላል። የአደጋ ምልክቶቹ ገጽ «ሌሎች» የሚል ማውጫ ሥር ተደብቋል። እኔው ላውጣላችሁ፦ የማይለቅ የወገብ ሕመም፣ ወደ ታች የሚገፋ ስሜት፣ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ፣ ደም።

ከሁሉ የገረመኝ ኖቬምበር 17 ነው። ያለጊዜው የሚወለዱ ሕፃናት የሚታሰቡበት ቀን ነውና አፑ ወይን ጠጅ ቀለም ለብሶ ጠበቀኝ። በ2020 በዓለም ላይ 13.4 ሚሊዮን ገደማ ሕፃናት ያለጊዜያቸው እንደተወለዱ የሚናገር ካርድ አወጣ፣ «ለወዳጆችዎ ያጋሩ» አለ። ቁጥሩ ልክ ነው። ከሥሩ ግን አንድም ምልክት አልተጻፈም። ሰዓት ቆጣሪውም ያው «ይረፉ» ባዩ ነው።

ጻፍኩላቸው። «አፑ የሐኪም ምትክ አይደለም» የሚል መልስ መጣ። ታዲያ «ይረፉ» ብሎ ማዘዝ የማን ሥራ ነው?

ለቀጠሮና ለሳምንት ቆጠራ ተጠቀሙበት። ሰዓት ቆጣሪውን ከ37 ሳምንት በፊት አትንኩት፤ የጤና ተቋማችሁን ስልክ ቁጥር በቅርብ ያዙ። ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቻለሁ። ቆጣሪው ሳምንቱን አይቶ «አሁኑኑ ይደውሉ» ማለት ሲጀምር ሁለት እጨምራለሁ።