ለሕግ ትምህርት ብድር፦ ከፌዴራል መንግሥት ወይስ ከባንክ?

አሜሪካ ውስጥ ሕግ ለመማር ብዙው ሰው ይበደራል። ጥያቄው ከማን የሚለው ነው።

ለማግኘት፦ ለፌዴራሉ ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ መሙላት ይበቃል፤ ዋስ አይጠየቅም። ግን ዜግነት፣ ግሪን ካርድ ወይም እንደ ጥገኝነት ያለ ብቁ የሚያደርግ ፈቃድ ይፈልጋል፤ በኤፍ-1 (በተማሪ) ቪዛ አይሆንም። ባንክ ክሬዲት፣ ማለትም ሰው ዕዳውን እንዴት ሲከፍል እንደኖረ የሚያሳየውን መዝገብ ያያል። ክሬዲቱ ያልጠና ሰው አብሮት የሚፈርም ይፈልጋል። ለምሳሌ ታላቅ እህቱ ብትፈርም፣ እሱ ሳይከፍል ሲቀር የሚደወለው ለእሷ ነው።

ወለድ፦ የፌዴራሉ ቋሚ ነው። የባንኩ ቋሚም ተለዋዋጭም አለ፤ ክሬዲቱ ያማረ ሰው ረከስ ያለ ሊያገኝ ይችላል።

ጣሪያ፦ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ የሕግ ተማሪ ከፌዴራል የሚበደረው በዓመት እስከ 50,000 ዶላር፣ በድምሩ እስከ 200,000 ነው። ውድ ትምህርት ቤት የገባ ቀሪውን ባንክ ጋ መፈለጉ አይቀርም።

አከፋፈል፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ነው። የፌዴራሉን በገቢ ልክ መክፈል ይቻላል። በመንግሥት ወይም ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ሙሉ ሰዓት እየሠራ 120 ወርኃዊ ክፍያ ያሟላ ሰው ቀሪው ይሰረዝለታል። ባንክ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም።

ለድሃ ተከሳሾች ልቆም ላለ ፌዴራሉ ያዋጣል። ትልቅ የጥብቅና ድርጅት የሚጠብቀው ባለ ጥሩ ክሬዲት ባንክንም ቢያይ አይከፋም። የፌዴራሉን ዕዳ ወደ ባንክ ያዞረ ግን መመለሻ የለውም።