ከሁለቱ ዳይ የትኛው ላይ ገንዘብ ይውጣ?

ጥይት ራሳቸው መልሰው የሚሞሉ ጓደኞቼ ዳይ ሊገዙ ሲሉ «የትኛው ብራንድ ይሻላል?» ይሉኛል። ዳይ መጫኛው ላይ የሚታሰር የብረት መሣሪያ ነው፤ አንዱ የተተኮሰውን ቀለህ (የጥይቱን ቀፎ) ወደ ልኩ ያጠብበዋል፣ ሌላው አረሩን አፉ ላይ ያስቀምጣል። እኔ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ጠብመንጃህ በእጅ የሚቀባበል ነው ወይስ ራሱ የሚያጎርስ? ራሱ የሚያጎርስ ከሆነ ነገሩ አጭር ነው። ቀለሁን ከአንገቱ እስከ ወገቡ የሚያጠብበውን ሙሉ ዳይ ይግዛ።

በእጅ ለሚቀባበለው ግን ክርክር አለ። ሊ የተባለው ብራንድ የሚሠራው ኮሌት ዳይ አንገቱን ብቻ፣ ውስጡ ባለው ዘንግ ላይ ዙሪያውን ይጨምቀዋል። ቅባት አይፈልግም፣ አንገቱም ቀጥ ብሎ ይወጣል። ወድጄዋለሁ። ሆኖም ቀለሁ በተተኮሰ ቁጥር ትከሻውና ወገቡ እየሰፋ ይሄድና መዝጊያው መክበድ ይጀምራል፤ ያኔ ሙሉ ዳይ መግዛት አይቀርም። አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ሙሉውን ነው የምወስደው።

ሙሉ ዳይ ደግሞ ርካሹም በደንብ ይሠራል፤ ጣጣው አገጣጠሙ ላይ ነው። አብሮት የሚመጣው ወረቀት ብዙ ጊዜ «መጫኛው ላይ ያለውን ቀለህ መያዣ እስኪነካ ዳዩን አውርዱት፣ ከዚያ ትንሽ ጨምሩ» ይላል። እንደዚያ ሲደረግ በብዙ ጠብመንጃ ላይ ትከሻው ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ይገፋል። ሲተኮስ ቀለሁ ይለጠጥና ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሳሳል፣ ሲደጋገም እዚያው ላይ ይበጠሳል። የሚፈለገው 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ መግፋት ብቻ ነው። የተለመደው ዳይ በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ስላለው አንድ ሙሉ ዙር 1.8 ሚሊ ሜትር ያወርደዋል፤ 0.05 ማለት እንግዲህ አሥር ዲግሪ ያህል ማዞር ነው። ሳታስቡት እጃችሁ ቢነካው የሚጠፋ ልክ ነው! ስለዚህ ከዳዩ ይልቅ ልኩ ላይ የሚያቆመውን ማሰሪያ ቀለበት ነው አገላብጬ የማየው። ዙሪያውን አቅፎ የሚጨብጠው ይሻለኛል፤ በጎኑ ባለች ብሎን ጥርሱን የሚነክሰውን አልወደውም። ካርባይድ (በጣም ጠንካራ ብረት) ነው ተብሎ የሚወደደውን ተዉት፣ አንገት ያለውን ቀለህ ከቅባት አያድነውም። ቅባት ያነሰው ቀለህ ዳዩ ውስጥ ከተቀረቀረ ደግሞ ማውጣቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

(የወታደር ቀለህ ከሆነ መጀመሪያ በባትሪ ውስጡን እዩ። መሀል ላይ በአንድ ቀዳዳ ፈንታ ሁለት ትንንሽ ካሉ በርዳን የሚባለው ዓይነት ነው፤ አሮጌውን መቀጣጠያ ገፍቶ የሚያወጣው የዳዩ መርፌ ይጎብጣል ወይ ይሰበራል።)

ገንዘብ የማወጣው አረር በሚያስቀምጠው ዳይ ላይ ነው። ፎርስተርና ሬዲንግ ማይክሮሜትር ያለው ይሠራሉ፤ ውስጡ ያለው ተንሸራታች እጅጌ አረሩ ገና ሳይገባ ቀለሁንና አረሩን አንድ መስመር ላይ ይይዛቸዋል። ጥልቀቱን በ0.025 ሚሊ ሜትር እያነበቡ መቀየር ይቻላል። አረር ስትለውጡ ይህ ቅንጦት አይደለም፤ አረሩ በርሜሉ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ ከነካ ግፊቱ ይጨምራል። ከሁለቱ እኔ ፎርስተርን እመርጣለሁ፣ ቁጥሩ ለዓይኔ ይቀለኛል። ቀድሞ የነበረኝ ተራ ዳይ፣ ስሙ ይቆይና፣ አረሩን ከላይ የሚጫነው ገፊው ከሹል አረር ቅርጽ ጋር ስለማይገጥም እያንዳንዱ አረር ላይ የቀለበት ጭረት ይተው ነበር። ረጅም ሹል አረር የምትጠቀሙ ከሆነ ዳዩን ከማዘዛችሁ በፊት ለእሱ የሚሆን ገፊ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ጠይቁ።