ፕላዚል ወይስ ኦንዳንሴትሮን? ለሚያስታውክ ልጅ

ጎንደር ላይ ልጅ ሲያስታውክ ቶሎ የሚነሳው ስም ፕላዚል (ሜቶክሎፕራማይድ የሚባለው የማስታወክ ማስቆሚያ) ነው፣ የቆየ ነው፣ ርካሽ ነው፣ አዋቂዎቹም ስለሚወስዱት ሰው ያምነዋል። እኔ ግን ለህፃን በጭራሽ አልመርጠውም። የሚሰራው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል በማገድ ነው፣ በዛው ምክንያት ልጆች ላይ አንገት ያጣምማል፣ አይን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ ምላስ ያስወጣል፣ ቤተሰብ ደንግጦ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ፀበል ሊሮጥ ይችላል፣ መድሀኒቱ ነው እኮ! የአውሮፓ መድሀኒት ተቆጣጣሪም በ2013 (እ.ኤ.አ) ከ1 አመት በታች ላሉት እንዳይሰጥ ወስኗል።

ሌላው የማስታወክ ማስቆሚያ ኦንዳንሴትሮን ግን የሚያግደው ሴሮቶኒን የሚባለውን ሌላ ኬሚካል ስለሆነ ያ መጣመም በጣም ብርቅ ነው። ከ6 ወር በላይ ሆኖ በሆድ ኢንፌክሽን የሚያስታውክ ልጅ ሀኪም ካዘዘለት ብዙ ጊዜ አንድ ዶዝ ይበቃዋል፣ መጠኑ በኪሎ ነው፣ ከ8 እስከ 15 ኪሎ ለሚመዝን 2 ሚሊግራም። ተቅማጡን ትንሽ ሊያበዛው ይችላል፣ የልብ ችግር ካለበት ደግሞ ለሀኪሙ ቀድማችሁ ንገሩ።

ሁለቱም ግን ኦአርኤስን (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) አይተኩም! ካስታወከ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት፣ ጡትም አታቋርጡ።

ጠብቶ ትንሽ የሚያቀረሽ፣ ኪሎው የሚጨምር ህፃን አንዱንም አይፈልግም። ትውከቱ አረንጓዴ ወይ ደም ከሆነ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ወይ ሽንቱ ከጠፋ ፋርማሲ አትሂዱ፣ ቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት።