ለተራራ ጉዞ ሰልባጅ ኦርጅናል ወይስ አዲስ ፎርጅድ?

ጥቅምት በገባ ቁጥር ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሰሜን ተራሮች ልንወጣ ነው፣ ጫማውን አዲስ እንግዛ ወይስ ሰልባጅ?» አንዳንዱ የሚጠይቀኝ ከላሊበላ ተነስቶ አቡነ ዮሴፍን ሊወጣ አስቦ ነው፣ ሌላው ደግሞ እዚሁ ደቡብ ወሎ ቦረና ሳይንት። ተራራው ቢለያይም መልሱ አይለያይም፤ ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። ጫማ፣ ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) እና ጃኬት ከሆነ ሰልባጅ ኦርጅናል ግዙ። አዲስ ፎርጅድ በነፃ ቢሰጧችሁ እንኳ ይዛችሁት ተራራ አትውጡ። አዲስ ኦርጅናልን ከንጽጽሩ አውጥቼዋለሁ፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪ ዋጋው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ትክክለኛ የተራራ ጫማ ከውጭ ማስመጣት የብዙዎቻችንን የወር ደመወዝ ጨርሶ ይበላል።

ከጫማው ልጀምር፣ ገንዘብ የሚበላውም ሰው የሚያሰናክለውም እሱ ነውና። እዚህ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አዲሱን ፎርጅድ 3,500 ብር ይጠሩበታል፤ ተከራክራችሁ በ2,800 ትወስዱታላችሁ። ሰኞ ገበያ ቦንዳ በተፈታ ቀን ደህና ሰልባጅ ቦት ጫማ ከ2,500 እስከ 4,000 ይገኛል። የሰው ልብ የሚሸፍተው እዚህ ላይ ነው። «በዚሁ ዋጋ አዲስ እያለ የሰው እግር የገባበትን ምን አስገዛኝ?» ይላል።

ሰሜን ተራሮች አብሮኝ የወጣ ጓደኛዬም ያለው ይኸንኑ ነበር። ጎኑ ላይ «ጎርቴክስ» (ውኃ የማያስገባ ጨርቅ ስም ነው) ተብሎ የተጻፈበትን አዲስ ፎርጅድ ጫማ በ2,800 ገዛ። ከሳንካበር ካምፕ ወደ ግጭ ካምፕ ስንሄድ፣ ጅንባር ወንዝን እንደተሻገርን ካልሲው ራሰ። ማታ ድንኳን ስንተክል የቀኝ እግሩ ሶል ከፊት አፉን ከፍቷል። የቀረውን መንገድ የበቅሎው ነጂ በሰጠው ሲባጎ አስሮ ነው የጨረሰው። ደሴ እንደተመለስን ቧንቧ ውኃ ሰፈር ወዳሉት ጫማ ሰፊ አባት ወሰድነው። ጋሼ አገላብጠው አዩት፣ የውስጡን ገበር በወረንጦ ሳብ አድርገው አነሱና የረጠበ ካርቶን በጣታቸው ቆርሰው አሳዩን። «ልጄ፣ ይኼን መርፌ አይዘውም። ምኑን ልስፋልህ?» አሉት። እንደምንም ብሎ ለመናቸውና በ150 ብር በማስቲሽ ለጠፉለት፣ በ350 ዙሪያውን ሰፉለት። ጫማው 3,300 ደረሰ፤ ውኃ ማስገባቱን ግን አልተወም። የእኔ ሰልባጅ በ3,200 ተገዝቶ፣ ገና ሳልወጣበት በ400 ብር ዙሪያው ተሰፍቶ 3,600 ወጣበት። በ300 ብር ልዩነት አንዱ ተጥሏል፣ ሌላው ዛሬም ከእግሬ አልወረደም።

ይህ ማለት ግን ሰልባጅ ሁሉ ይሆናል ማለት አይደለም። ትልቁ አደጋ ያለው ከላይኛው ቆዳና ከታችኛው ጎማ መሃል ባለው ስፖንጅ መሰል ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ፖሊዩሪቴን ከሚባል ነገር ነው፤ ይህ ደግሞ ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ከዓመታት በኋላ ከውስጥ ይበሰብሳል። ጫማው ባይለበስም አይተርፍም። እንዲያውም ሳጥን ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ እንደ አዲስ የሚያበራው የባሰ ነው፤ የሚጫሙት ጫማ እየተረገጠ እርጥበቱን ያስወጣል፣ የተቀመጠው ግን ይዞት ይኖራል። እንዲህ ያለው ጫማ ሱቅ ውስጥ ምንም አይመስልም፣ ተራራ ላይ በግማሽ ቀን ሶሉ ሙሉ በሙሉ ይለያል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መሃሉን በአውራ ጣት ጥፍር ጫን በሉት። ተጭኖ መልሶ ከተነሳ ደህና ነው። ጥፍራችሁ ገብቶ ከቀረ፣ ዱቄት ካራገፈ ወይም ከተጣበቀባችሁ ሻጩ 500 ብር ቢላችሁም ትታችሁት ሂዱ። ከዚያ ጫማውን ከጣቶቹ ማጠፊያ ላይ እጠፉት፤ ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ከታየም ያው ነው።

ቦንዳው ውስጥም ፎርጅድ አይጠፋም፣ ይህንንም እወቁ። ምላሱ ውስጥ ያለውን ጨርቅ ገልጣችሁ አንብቡ፤ ኦርጅናሉ ቁጥሩን በአውሮፓም በእንግሊዝም በአሜሪካም ልክ ይጽፋል፣ የተሠራበት አገርና የሞዴሉ ቁጥርም አለው። የውስጥ ገበሩን አንሱ፤ ካርቶን ካያችሁ ጨዋታው አልቋል። ሶሉ ሥር ያለችውን የታዋቂውን ሶል ሠሪ የቪብራምን ቢጫ ምልክት ብቻ አይታችሁ አትመኑ፣ እሷንም ይቀዷታል። የተገዛው ጫማ ደግሞ በቀጥታ ተራራ አይወጣበትም። ደሴ ያላችሁ ጦሳ ተራራን ወጥታችሁ ውረዱበት፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ የጎፍ ተራራን። ተረከዝ የሚልጥ ከሆነ እዚሁ ይልጣል፣ ካልሲ ደርቦ ማስተካከልም ጊዜ አለ።

ወደ ስሊፒንግ ባግ ልምጣ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ የግጭ ካምፕ 3,600 ነው። የደሴን የታኅሣሥ ሌሊት ታውቁታላችሁ፤ ከዚያ ላይ 7 ዲግሪ ቀንሱ። ከኮምቦልቻ ለሚነሳ ልዩነቱ ከ11 ያላነሰ ነው። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አዲሱ ፎርጅድ 3,000 ብር ገደማ ነው፤ ከረጢቱ ላይ «−15» ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል። ወደ ፀሐይ ዘርግታችሁ እዩት፣ ብርሃን ያሳልፋል። የኦርጅናሉ ጨርቅ ላይ ሦስት ቁጥር ታገኛላችሁ፦ ኮምፈርት፣ ሊሚት፣ ኤክስትሪም። ሻጭ የሚጠራላችሁ ሦስተኛውን ነው፤ እሱ ግን ሰው በብርድ ሳይሞት የሚያድርበት ልክ እንጂ የሚተኛበት አይደለም። እናንተ የምታዩት የመጀመሪያውን ነው፣ ለእነዚህ ተራሮች ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ይሁን። እንዲህ ያለውን ሰልባጅ በ3,500 ካገኛችሁ ሳታቅማሙ ውሰዱ፣ 4,500 ካሉ ተከራከሩ።

የላባ ከሆነ ጭብጥ አድርጋችሁ ጨምቁትና ልቀቁት፤ ቀስ እያለ መልሶ ካበጠ በሕይወት አለ። እንደ ተጨመቀ ከቀረ ወይም ላባው አንድ ጥግ ላይ ከተጓጎለ ማጠብም ላያድነው ይችላል። ላባ ከረጠበ ሙቀቱ ስለሚጠፋ ወፍራም ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ያዙት። ቤት ስታጥቡትም ቀናት ሙሉ ፀሐይ ላይ እያገላበጣችሁ ጓሉን በእጅ መበተን አለ፤ ይህን ትዕግሥት የሌለው የፋይበሩን ይግዛ፣ ቢከብድም ቢረጥብም ያሞቃል።

«ጋቢ አይበቃም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጋቢ ጥጥ ነው፣ ከረጠበ በዚያ ብርድ አይደርቅም። ከጋቢ ይልቅ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባና ይሻላል፤ ርሶም ሙቀት ይይዛል። ክብደቱ ግን ለበቅሎ እንጂ ለሰው ጀርባ አይሆንም።

ጃኬት ላይ ብዙ አልቆይም። ገልብጣችሁ የውስጥ ስፌቱን እዩ፤ ዝናብ የሚከላከለው ጃኬት ስፌቱ ላይ ሁሉ ቴፕ ተለጥፎበታል፣ ፎርጅዱ ባዶ ክር ነው። ሰልባጁ ደግሞ የውስጥ ሽፋኑ እንደ ፎረፎር ከረገፈ ወይም ከተጣበቀ አልቋል፣ የሚጠገን ነገር የለውም። ዚፕ ግን አያስፈራችሁ። ጥርሱ ደህና ከሆነ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ነው፤ በፒንሳ ከሁለቱም ጎን ትንሽ ጠበቅ ሲያደርጉት መልሶ ይገጥማል። ይህን ሳያውቅ ሙሉ ዚፕ በ400 ብር ያስቀየረ ሰው አውቃለሁ። እንዲያውም ዚፑ «ተበላሽቷል» የተባለ ጃኬት ካያችሁ አብሽሩ፣ ከ1,500 ወደ 900 ማስወረጃ ነው።

ቦርሳ ብቻ ከደንቡ ይወጣል። ዕቃችሁን በቅሎ የሚጭን ከሆነ ርካሹም ይበቃል፤ ማንገቻው ከቦርሳው የሚገናኝበትን ቦታ ብቻ ልብስ ሰፊ ጋ በናይለን ክር በ100 ብር አስደግሙት፣ የሚበጠሰው ሁልጊዜ እዚያ ነው።

አሁን ደግሞ እጃችሁ ላይ ያለው 4,000 ብር ብቻ ነው እንበል። ሁሉንም ጫማው ላይ አውሉት፤ 3,500 ለግዢ፣ ቀሪው ለስፌት። ጃኬት ከዘመድ ተዋሱ። ስሊፒንግ ባግ ጎንደርና ደባርቅ የሚያከራዩ አሉ፤ ገንዘብ ሳትከፍሉ እዚያው ዘርግታችሁ ግቡበት፣ ዚፑን እስከ አንገት ዝጉት፣ ክፈቱት፣ ደግማችሁ ዝጉት። ዚፑ ከያዘ ሌላ ይምጣላችሁ።